የስሙን ዓምድ አልሰረዝኩትም

ሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ተጨበጨበልኝ። የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ላይ የሥራ ሂደት ባለቤታችን አቶ መኩሪያ «አስናቀች፣ ተነሺ እስቲ፣ ሰው ይይሽ» አለ። ተነሣሁ። አዲሱ ጫማ ተረከዜን ልጦኝ ስለነበር እያነከስኩ ነው የተነሣሁት።

«ላቦራቶሪ ተቀምጣ አክታ ስታይ የምትውል ልጅ የበሽታውን ምንጭ በሳይንስ አገኘች፤ ቀበሌው ደግሞ ምንጩን ደፈነው። ይሄ በምርጥ ተሞክሮነት ተቀምሮ ለክልል ተልኳል» አለ። «ምንጭ» ያለው ውሃ አይደለም፣ ሰው ነው። ሴት ናት። ወይዘሮ አንጓች ትባላለች፣ ጅጋ ላይ ጠላ ቤት ነበራት። በዓይኔ አይቻት አላውቅም። «ደፈነው» ያለው አልጣመኝም። ግን ጭብጨባ ይጣፍጣል፣ ለራሴ ምን ያስዋሸኛል፣ ጣፈጠኝ።

ፈረስ ቤት ያለችው እናቴ «ለመሆኑ ምንድነው የምታጠኚው?» ብላ ጠይቃኝ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ ከአማካሪዬ ይልቅ የገባት እሷ ናት። የቲቢ ጀርም ዘረ-መሉ ላይ የሚደጋገሙ ቁርጥራጮች አሉት። በሃያ አራት ቦታ ላይ ስንት ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ይቆጠራል። የሁለት ሰው ጀርም በሃያ አራቱም ቦታ ቁጥሩ ከገጠመ፣ ወይ አንዱ ከሌላው በቅርቡ ወስዷል፣ ወይ ሁለቱም ከአንድ ሰው ወስደዋል። «እንደ በግ ጆሮ ምልክት በያ» አለች። አዎ፣ እንደዚያ።

ለማስተርሴ ብዬ ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋና ከቡሬ በኩል የሰበሰብኩት አክታ አብዛኛው እርስ በርሱ አልገጠመም። አራት ብቻ ገጠሙ፦
አንጓች፣ ከጅጋ ጤና ጣቢያ።
ሙላት፣ ባሏ፣ ከዚያው።
ወለተ ኪዳን፣ ቡሬ አጠገብ ካለው ጸበል።
ገብረ ሥላሴ፣ ከዚያው ጸበል።

የስሌቱ ደንብ ከገጠሙት አንዱን ምንጭ፣ የቀሩትን ተቀባይ አድርጎ መቁጠር ነው። ከአራቱ መጀመሪያ የተመዘገበችው አንጓች ናት። ጠላ ሻጭ። ጸበልተኛው መኪና የሚጠብቀው እሷ ደጅ ላይ ነው። እንዴት ያምራል! እኔ «ምንጭ ልትሆን ትችላለች» ብዬ ጻፍኩ። አቶ መኩሪያ «ለክትትል የሚሆን ዝርዝር ላኪልኝ» ሲለኝ ኤክሴሉን እንዳለ ላክሁለት። ስም ተሰርዞ ኮድ ብቻ ነበር መቅረት ያለበት፤ ፈርሜ የገባሁበት ነው። ቸኮልኩ። ሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ወደ ማታ ከጅጋ ትርንጎ ደወለች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ወይዘሮ አንጓች ኪኒኗን በየቀኑ የምትውጠው እሷ ፊት ነው። «ሲስተር፣ ካቋረጠች እኮ ዛሬ ሃያ ሰባት ቀኗ ነው። ፈርቼ ሪፖርት ላይ አልጻፍኩትም» አለችኝ።

ሁለት ወር ነበር የቀራት! ያቋረጠ ሰው ጀርሙ ይመለስበታል። ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶት ሊመለስ ይችላል። የለመደውን የሚያክም በእኛ ወረዳ የለም። ሴትዮዋ ልትሞት ትችላለች፣ ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ።


ማክሰኞ፣ ጥር 20

ፈቃድ ሳልጠይቅ ጅጋ ሄድኩ። ጠላ ቤት መሆኑን የሚናገረው ጣሳ ከእንጨቱ ላይ ወርዷል፤ እንጨቱ ብቻውን ቆሟል። ደጁ ላይ የጋን ስባሪ ፈሷል።

ትርንጎ በሰው ፊት ላለማውራት ብላ ከጤና ኬላው ጓሮ ወሰደችኝ። ታኅሣሥ 22 ነው ነገሩ። ከወረዳ ወረቀት መጣ። ሊቀመንበሩ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ አነበበው፣ «በሳይንስ የተረጋገጠ» እያለ፣ ስሟን ከነአባቷ። ወይዘሮ አንጓች እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ የመስኖ ጉዳይ መስሏት የመጣች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ትርንጎ እንደነገረችኝ፦ ደንበኛ ቀረ። ማኅበርተኞቿ የጽዋ ተራዋን ዘለሏት። ለጥር ሠርግ ያዋሰቻቸውን ጋኖች ሳይጠምቁባቸው መለሱላት፤ አንዱን ደጇ ላይ አፈረጡት። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ሴቶቹ ፈንጠር ይላሉ። ኪኒኑን ለመዋጥ ወደ ጤና ኬላው መምጣቱንማ ከስብሰባው ማግስት ጀምሮ ተወችው፤ በመንገድ ላይ ያለው ዓይን አላስኬዳት አለ።

ቲቢ በዋንጫ አይተላለፍም። በጋን አይተላለፍም። መድኃኒት ከጀመረች አራት ወር ያለፋት ሴት በትንፋሿም አታስተላልፍም። ይህን ትርንጎ ጠንቅቃ ታውቃለች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ወረቀቱ ከእርስዎ ነው የመጣው አሉኝ። እኔ ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ ልበል?» አለች።



ከጎረቤት አንዲት ሴት ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። ወይዘሮ ስመኝ ትባላለች፣ ልጇ ቲቢ ይዞት ከትምህርቱ ቀርቷል፣ ህክምና ላይ ነው። «ያቺን ሴት ያወጣሻት አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥሽ! ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ! ልጄን እኮ ጨርሳብኝ ነበር» እያለች ጉልበቴ ድረስ ዝቅ ብላ መረቀችኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ባልየው ሙላት ቤት ነበር። ቁጥብ ሰው ነው፣ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አፈር ይጭራል። እሱ ኪኒኑን አላቋረጠም። ስሙ በስብሰባው አልተነበበም፤ ሰዉም «ሚስቱ የጨረሰችው» እያለ ያዝንለታል። «ቡሬ፣ ጸበል ሄደች። ለአስተርዮ ማርያም» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

በመልሱ መኪና ላይ ሠንጠረዡን ዘረጋሁ። የወይዘሮ ስመኝ ልጅ አለበት። ከአንጓች ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ። ቁጥሩ በስምንት ቦታ ይለያል። ጆሮው ላይ ያለው ምልክት የሌላ ነው! ልጁ ከእሷ አልወሰደም፤ ይሄ እጄ ላይ ከገባ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።


ረቡዕ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ቡሬ ያለው አልጋ ቤት ነኝ።

ኪኒን ከትርንጎ ተቀብዬ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት። ጸበሉ ዘንድ ሰው እንደ ጉድ ነው፤ በሽተኛው፣ ስለቱን የሚያስገባው፣ በመቋሚያ የቆመው። አጥማቂው አባት በክርስትና ስም እየጠሩ ነው የሚያጠምቁት። ሁለት ነገር ነበር ያሰብኩት። አንደኛ፣ አንጓችን ፈልጌ ኪኒኗን ማስዋጥ። ሁለተኛ፣ እግረ መንገዴን ወለተ ኪዳንና ገብረ ሥላሴን ማግኘት። ሁለቱ ባለፈው ፍልሰታ እዚሁ አክታ ሰጥተውኝ ቲቢ እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ የት እንደገቡ ጠፉ። ቡሬ ጤና ጣቢያም «ታካሚ ጠፋባችሁ» ተብሎ ተገምግሟል።

«የጅጋዋን ወይዘሮ አንጓችን የሚያውቅ አለ?» ብል የሚያውቅ የለም። «ወለተ ኪዳንስ?» አልኩ። አንዲት መነኩሲት በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያችውና፣ ዋርካው ሥር።»

ዓይኗን ሳየው አወቅኋት። ፍልሰታ ላይ የአክታ ዕቃውን በገዛ እጄ የሰጠኋት ሴት ናት።

«ወለተ ኪዳን ነዎት?» አልኳት።

«ነኝ።»

«ከጅጋ የመጡ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ሴት ያውቃሉ?»

ብዙ አየችኝ። ከዚያ «እኔው ነኝ። ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለችኝ።

አመድ ሆንኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እኔ እኮ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ! ጸበል ስወርድ እኔም ወለተ ሐና ነኝ እንጂ አስናቀች አይደለሁም። ጸበል ቦታ፣ ቄስ አጠገብ ቆመው «ስምዎ ማነው?» ሲባሉ የዓለም ስሙን የሚናገር ማን አለ? «አገርዎስ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰው በጸበል አገርህ ሲባል የተወለደበትን ደብር ነው የሚናገረው፣ የሚኖርበትን ቀበሌ አይደለም። ዕድሜ ብዬ ጠየቅኩ፤ ጅጋ ላይ አርባ የተባለው እዚህ አርባ አምስት ሆነ። ስም ለየቅል፣ አገር ለየቅል፣ ዕድሜ ለየቅል። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው አለ፤ እኔም አሜን አልኩ። ፈረንጅ ቢሳሳት እፈርድለት ነበር።

ገብረ ሥላሴም ያው ሙላት ነው። ጅጋ ላይ አክታ ሰጥተው ውጤት ሳይወጣ፣ ፍልሰታን በጸበል እንሰንብት ብለው አብረው መጡ። እኔ ደግሞ ፎርሜን ይዤ ደረስኩባቸው። ፍልሰታ ሲያልቅ ጅጋ ተመልሰው በዓለም ስማቸው ህክምና ጀመሩ። የጠፋ ሰው የለም።

«ነግሬሽ ነበርኮ» አለችኝ። «ጅጋ ሰጥቻለሁ አልኩሽ። 'ይሄ የጥናት ነው እማማ፣ ሌላ ነው' አልሽኝ። መንግሥት ነው ብዬ ሰጠሁሽ።»

እውነቷን ነው። እንዲያውም እየሳቅኩ ነበር ያልኩት፤ ረድፉ ረጅም ስለነበር።

ከዚያ ያወጋችኝ ደግሞ ባሰ። ሙላት ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አስሏል። ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው አሻፈረኝ አለ። በኋላ እሷም ማሳል ጀመረች። «እኔ ቀድሜ ብመረመር እሱም ይከተለኛል ብዬ ሄድኩ። መቅደሜ ነው ኃጢአት የሆነብኝ?» አለች።

ሠንጠረዡ የሚያውቀው ማን ቀድሞ እንደተመዘገበ ነው። ማን ቀድሞ እንደታመመ አያውቅም። ሐኪም ቤት ቀድማ የሄደችውን ሴት ወንጀለኛ አደረግኋት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል «ተነሺ፣ ሰው ያየናል» አለችኝ። ኪኒኑን አወጣሁ። አልተቀበለችኝም። «ውጬ ድኜ የት ልገባ? ማን ቤት?» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች። ታስላለች። ደረቅ ሳል አይደለም።


ሐሙስ፣ ጥር 22

ላቦራቶሪ። በሽተኛ በሽ ነው፣ ልብ ግን የለኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ፎርሞቹን ሁሉ አውጥቼ አስተያየሁ።

አራት ስም፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ።
«ሦስት ተቀባይ» ያልኩት ቢበዛ አንድ ነው። እሱም ማን ከማን እንደወሰደ አይታወቅም።
ጠላ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስለመያዙ ማስረጃ፦ የለም። ምንም። ባዶ።
በፊርማ ፋንታ ያደረጉት የጣት አሻራ ፎርሞቹ ላይ አለ፤ የአንጓችም የወለተ ኪዳንም አውራ ጣት ላይ ያው ጠባሳ። አገላብጬ አላየሁትም ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስሌት አንድም ቦታ አልተሳሳተም። ሦስቴ ደመርኩት። ትክክል ነው። የሚያናድደኝም ይሄ ነው፤ የተሳሳተ ድምር ቢሆን በላጲስ ይጠፋ ነበር።

ባሕር ዳር ላለው አማካሪዬ ደወልኩ። ሰማኝ፣ ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። «ምንም አይደል፣ ያጋጥማል። 'የጥናቱ ውስንነት' የሚለው ክፍል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሪበት» አለኝ። አንድ አንቀጽ! ወይዘሮ አንጓች አንድ አንቀጽ ሆነች።

ነገ አቶ መኩሪያ ጋ እገባለሁ። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። አንድ ገጽ ነው፣ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ተጠቅሜያለሁ።


ዓርብ፣ ጥር 23

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ለክልል ተልኳል እኮ» አለ። «በሚቀጥለው ሳምንት ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ ጅጋ ድረስ ይመጣሉ። ለሰዎቹ ምን ልበላቸው? የክርስትና ስም ነው ያሳሳተን ልበል?»

«እሱን ይበሉ» አልኩት።

«ሴትየዋ ታማለች አልታመመችም?»

«ታማለች።»

«ጠላ ትሸጥ ነበር አትሸጥም ነበር?»

«ትሸጥ ነበር።»

«ታዲያ ምኑ ነው የተሳሳተው?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚለኝ። ደሜ ፈላ። ስሟን ለቀበሌ ያስተላለፉት እርስዎ ነዎት አልኩት። «ስሙን የላክሽው አንቺ ነሽ» አለ። ሁለታችንም እውነት ተናገርን።

ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስናቀች፣ ሁለት ልጅ አለኝ። ከላይ 'ቁጥራችሁ የት ሄደ' ሲሉ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። አርፈሽ ማስተርስሽን ጨርሺ። ካላረፍሽ ግን ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ፣ እሱም በመዝገብ ይቀመጣል» አለኝ። ደብዳቤዬን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ፋይል አድርጊው።»

ፋይል አደረግኩት። ቦርሳዬ ውስጥ።


ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጅጋ ላለመሄድ የሰጠኋቸው ምክንያቶች፦ ልብስ ማጠብ አለብኝ። ሥራዬን አጣለሁ። ሰው አይሰማኝም። ሴትየዋ ራሷ አትፈልገኝም። ተረከዜ ቆስሏል።

ሄድኩ።

የደብሩን አለቃ ቄስ ይኼይስን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አልቸኮሉም፣ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ። «ለመሆኑ ከመንግሥት ፈቃድ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም አባ።»

«እኔም የለኝም» አሉና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ በሰው ፊት ነው ያዋረዳችኋት፣ በሰው ፊት ትመልሻታለሽ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ትናገሪያለሽ። የራስሽን ጥፋት ብቻ ነው ታዲያ። የሰው ገመና እንዳትነኪ።»

የመጨረሻውን ቃል ለምን እንዳሉት ገብቶኛል፤ የሙላትም የንስሐ አባት ናቸው። ልቤን አንብበው ይሆን? ምክንያቱም መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት እሱን ነበር። «እሷ አይደለችም፣ ባሏ ነው» ብል በአንዲት ቃል ነጻ ትወጣለች። ሰዉ ወዲያው ያምነኛል፤ መተማ፣ ሁለት ዓመት ሳል፣ ሁሉም ያየው ነው። ግን ይሄንንስ በምን አውቃለሁ? እንደገና ስም ልሰጣቸው ነው? ሰው ስም ሲሰጠው ያርፋል። እኔም ማረፍ አምሮኝ ነበር።


እሁድ፣ ጥር 25

ተናገርኩ። አለቀ።

ቄስ ይኼይስ ማስታወቂያቸውን ሲጨርሱ «ይቺ ልጅ የምትለው አላት» አሉ። ትናንት ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ያልኩት ይህን ነው፦ «ስለ ወይዘሮ አንጓች የተነበበላችሁ ወረቀት የእኔ ነው። ወረቀቱ ስሕተት ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በሽታው ከእሳቸው ቤት ወደ እናንተ ስለመውጣቱ ማስረጃ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ይህ በሽታ በዋንጫም በጋንም አይተላለፍም። እሳቸው የታመሙ እናት ናቸው፣ በእኔ ምክንያት መድኃኒት አቋርጠዋል። አጥፍቻለሁ።» ማይክሮፎን የለ፣ ከኋላ ያሉት «ምን አለች? ምን አለች?» ይባባላሉ።

ማንም አላጨበጨበም።

ወይዘሮ ስመኝ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ባለፈው የመረቀችኝ አፍ ደርቋል። «እና ልጄን ማን አስያዘብኝ?» አለች።

«የእርስዎ ልጅ ጀርም ከወይዘሮ አንጓች ጋር አይገጥምም። ከእሳቸው አልወሰደም። ይሄንን አውቃለሁ።»

«ከማን ነዋ ታዲያ?»

ሙላት ከወንዶቹ በኩል፣ አጥሩ ጥግ ቆሞ ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። የልጁ ጀርም ከእሱም ጋር አይገጥምም፣ ግን ያኔ ስሙን ብጠራ ማን ይሄንን ይሰማኛል።

«አላውቅም» አልኩ።

«አላውቅም?»

«አላውቅም እናቴ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ጥምጣም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት ጮክ ብለው «ያን ጊዜ እሷ ናት አላችሁን፣ አሁን አላውቅም ትይናለሽ። ምን ልትነግሪን መጣሽ ታዲያ?» አሉ። ትክክል ናቸው። ጥላቻቸውን ነጥቄ በምትኩ የምሰጣቸው የለኝም። ሊቀመንበሩ ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ አየሁት፤ በጣም ረጅም ጻፈ።

ትርንጎ እጄን ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። መኪናው ውስጥ ስቀመጥ አለቀስኩ። ለአንጓች ይሁን ለራሴ፣ እግዜር ይወቀው።


ሰኞ፣ ጥር 26

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ከመዋቅር ውጭ ሕዝብን በማደናገር» ይላል። አቶ መኩሪያ ቀና ብሎ አላየኝም። የልምድ ልውውጡ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሯል፤ እዚያ ደግሞ የሚያሳዩት መጸዳጃ ቤት ነው አሉ።

አንጓች አልተመለሰችም። ካቋረጠች ሠላሳ አራት ቀን።

ትርንጎ ደውላ ነበር። ወይዘሮ ስመኝ ዛሬ ጠዋት የአንጓችን ደጅ ስትጠርግ፣ ያንን የጋን ስባሪ ስትለቅም አይታታለች። «ተጸጽታ ይሆን?» ብላት «እንጃ ሲስተር፣ የልጇን እግር እንዳይወጋ ይሆናል» አለችኝ። ይሁን። ተጠርጓል።

ሙላት ከትናንት ጀምሮ ቤት የለም። እሱም ኪኒኑን ትቶ ጠፋ እንዴ? ኧረ በማርያም! ሁለተኛ ሰው ልጨርስ ነው?


ማክሰኞ፣ ጥር 27

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ናሙና እየቀባሁ ነበር። ቀና ስል ሙላት በሩ ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ከኋላው አንጓች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ቤቱም ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጸበሉ ነው የሄደው። ኪኒኑን በኪሱ ይዞ። እሱን ደጅ ካስቀመጠች በኋላ ነው የነገረችኝ። «እግሬ ላይ ወደቀ። 'እኔ ነኝ ቀድሜ ያሳልኩት፣ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ' አለ። ተው አልኩት። አንድ ሰው ይበቃል።»

ይህን ስትል ድምጿ እንኳ አልተለወጠም። የአክታ ዕቃ አቀበልኳት።

አክታ ሰጠችኝ። ለሌላ ሰው አልሰጠሁትም፣ እኔው ቀባሁት፣ እኔው ቀለም ነከርኩት፣ እኔው አየሁት። ምነው ባይታየኝ! ሰማያዊው ላይ ቀያይ ክሮች። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት አንድ ላይ፣ ከዚያ ብዙ። ታኅሣሥ ላይ ንጹሕ ነበረች፤ መዝገቡ አለ። ተመልሷል። መድኃኒቱን ለምዶ ይመለስ አይመለስ ገና አይታወቅም፤ ናሙናዋን ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መኪና ልኬያለሁ። ሳምንታት ይፈጃል።

ነገርኳት። አልደበቅኋትም። ሐኪሙ ህክምናው ከሥር እንደገና ይጀመር ብሏል፤ ያለፈው አራት ወር ከንቱ ነው፣ እንደገና ስድስት ወር አልኳት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። እኔ ደግሞ እንደገና «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«አልልሽም» አለችኝ። አልጮኸችም። «በአፌ ብልሽ በሆዴ አይሆንም። ኪኒኑን ግን አምጪው፣ እውጣለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ውሃ ቀዳሁላት። አንድ በአንድ ዋጠቻቸው፤ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። አዲሱን ካርድ አወጣሁና ቀን አንድ ብዬ ሞላሁ።